ጽሕፈት የእንግሊዝኛ ክፍል ርስት ነው ያለው ማነው?

«ኮንሰርቱ ለ28 ቀን በውኃ ውስጥ ተነክሮ ቆየ፤ ከዚያም ወጥቶ ተጨፈለቀ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያነበብኳት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ ወዳጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ አባያና ጫሞ ተዘርግተዋል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሟል፤ ጉልበቴ ላይ ደግሞ ስድሳ ያህል የላቦራቶሪ ሪፖርት ተከምሯል። ወዳጄ ከከተማዋ ኮሌጆች በአንዱ (ስሙን እንዳትጠይቁኝ) ስለ ግንባታ ዕቃዎች ያስተምራል። ሪፖርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ሊል የፈለገው «ኮንክሪት» ነበር። የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ድብልቅ 28 ቀን ውኃ ውስጥ ከከረመ በኋላ በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። አንድ ተማሪ በባዕድ ቋንቋ ፊደል ቢስት ምን ይደንቃል? እኔም በጊዜዬ ከዚህ የባሰ ጽፌያለሁ። ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ሪፖርት ገለጥኩ፤ ኮንሰርት። ሦስተኛውን ገለጥኩ፤ ኮንሰርት። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ሙዚቃው አላቋረጠም።

«ይህ ሁሉ ሰው ከአንድ ሰው ነው የኮረጀው?» አልኩት።

«ከአምናዎቹ ነው» አለኝ ቡናውን እያማሰለ። «አምናም ኮንሰርት ነበር። ካቻምናም።»

«እና አንተ ምን አደረግህ?»

ጥቂት ዝም አለ። «እውነቱን ልንገርህ? እኔ የማየው ቁጥሩን ነው። ሰንጠረዡን አያለሁ፣ ማርክ እሰጣለሁ። ጽሑፉን አላነበውም። ጽሑፍ ማረም የእንግሊዝኛ ክፍል ሥራ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ጠቤ ከዚህች ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

በወዳጄ አትፍረዱበት። ሰነፍ መምህር አይደለም፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ ክፍል አይቀርም፣ ላቦራቶሪው ውስጥ እስከ ማታ ይቆያል። እሱ ያለውን የማይል መምህር ያጋጠመኝ በጥቂቱ ነው። ሃይድሮሊክስ የሚያስተምረው «እኔ የማስተምረው ውኃ ነው» ይላል። የሂሳብ አያያዝ መምህርቷ «ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ከመጣ ይበቃኛል» ትላለች። ሁሉም ጣቱን ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ይቀስራል። የእንግሊዝኛው መምህር ደግሞ በተራው «ስለ ኮንክሪት እኔ ምን አውቄ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። እሱ የሚያስጽፈው «የማልረሳው ቀን» የሚለውን ነው። ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለዚያ ስለማይረሳው ቀን ሲጽፍ ኖሮ ኮሌጅ ሲደርስ ቀኑን ሊረሳው ምንም አልቀረው!

ለዓመታት ተቋርጦ የነበረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ የእንግሊዝኛ ኮርሶቹን ይዞ ተመለሰ። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ጽሕፈትን እንደ ኩፍኝ ክትባት ነው ያየነው። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይመዘገብለታል፣ በቃ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ አፈር ሲማር፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ ግድብ ሲማር ስለ አፈርና ስለ ግድብ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየው የለም። ክትባቱን ወስዷላ! ከዚያ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ድንገት «የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርብ» ይባላል። ልጁስ ምን ያድርግ? ከግቢው አጥር ወጣ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ በየከተማው አይታችኋል፤ እኔም አይቻለሁ፤ ከ«ላሚኔሽን» እና ከ«ጉርድ ፎቶግራፍ» ጋር በአንድ መስመር ተጽፎ።

«ተማሪዎቻችን መጻፍ አይችሉም» የሚለውን እሮሮ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር እንሰማዋለን። ምክንያቱም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንዴ የእንግሊዝኛ ድክመት፣ አንዴ የማንበብ ልማድ መጥፋት፣ አንዴ ስልክ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተማሪው መጻፍ ያቃተው ማንም አንብቦት ስለማያውቅ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ሲተከል ከፊቱ ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩ። በመስኮቱ ላይ የምትታየው መምህርት በሚያምር እንግሊዝኛ ታስረዳንና «አሁን መልሳችሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ» ትለናለች። ሙዚቃ ይለቀቃል። ሰከንዱ ይቆጥራል። እኛ አጎንብሰን እንጭራለን። ከዚያ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ!» ትላለች። ምኑ ነው ጥሩው? የማንን ደብተር አይታ ነው? አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አንድ ቀን አውራ ዶሮ ሥሎ ነበር፤ እሱንም «በጣም ጥሩ» አለችው።

ከፕላዝማው ወደ ፈተናው ስንሄድ ደግሞ ያው ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በእርሳስ ክብ እናጠቁራለን፤ ማሽን ያርመናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 3.3 በመቶው፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶው ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲያመጣ አገር በሙሉ ደነገጠ። ስለ ኩረጃ ተወራ፣ ስለ መምህራን ተወራ፣ ስለ ወላጆች ተወራ። ፈተናው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ጻፉ አለማለቱ ሲነሳ ግን ብዙም አልሰማሁም። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። የገባንበትም የወጣንበትም በር ምርጫ! በመካከሉ ያለው ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ለማን ብሎ ያሳምር?

ጋዜጠኝነት ተምሬ ዲፕሎማ ይዣለሁ። በዚያ ስሙን በማልጠራው ተቋም ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚለውን እንደ ዳዊት ደገምኩ። ፈተናው «ከሚከተሉት ውስጥ ጥሩ የዜና መግቢያ የትኛው ነው?» ይል ነበር። «ሐ» ብዬ መለስኩ፣ አገኘሁ፣ ተመረቅሁ። የመጀመሪያው አንባቢዬ ከተመረቅሁ በኋላ ያገኘሁት የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። አራት ገጽ ጽፌ አስረከብኩት። በማግስቱ በአንደኛው አንቀጽ ዳር በቀይ እስክሪብቶ «ይህን ማን ነገረህ?» ብሎ መለሰልኝ። በሁለተኛው ዳር «እና ምን ይሁን?» ይላል። ሦስተኛው ላይ ምንም አልጻፈም፤ ዝም ብሎ ሰርዞታል። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲፕሎማ ተምሬ ሰው ሲያነበኝ የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው!

እንግሊዞች ይህን ነገር ቀደም ብለው ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄምስ ብሪተንና ባልደረቦቹ ከብዙ ትምህርት ቤቶች፣ ከሁሉም የትምህርት ዓይነቶች፣ ተማሪዎች የጻፉትን ሰብስበው «ይህ የተጻፈው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ የተጻፈው ለፈታኝ ሆኖ ተገኘ። ለሚማር፣ ለሚጠይቅ፣ ለሚያውቅ ሰው ሳይሆን ማርክ ለሚሰጥ ሰው ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአለን ቡሎክ የተመራ የመንግሥት ኮሚቴም ቋንቋ የቋንቋ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የሁሉም መምህር ኃላፊነት ነው ብሎ ሪፖርት አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ መጀመሪያ የማዕድን ትምህርት ቤት ሆኖ በተቋቋመው ማለት ነው፣ ቶቢ ፈልዊለር የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር የሌሎች ክፍሎችን መምህራን እየሰበሰበ ራሳቸውን ያስጽፋቸው ጀመር። ልብ በሉ፣ ተማሪዎቹን ከማስጻፉ በፊት መምህራኑን! ከዚያ ወዲህ ነገሩ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ተዛመተ።

እኛ ግን አርባ ዓመት ቆይተን «የውጭ ሐሳብ ነው» እንላለን። እንዲያውም የራሳችን ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ስለየአገራቸው ሠርግ፣ ለቅሶና እርሻ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያሳትሙ ነበር። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ታትሟል፤ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ልጅ የጻፈውን ዛሬ ተመራማሪ እያጣቀሰው ነው። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ የገለጠ ሰው ከምንጮቹ መካከል የተማሪዎችን ሥራ ያገኛል። እነዚያ ልጆች ከዛሬዎቹ የበለጠ ጭንቅላት ስለነበራቸው አይደለም። ጥቂት ነበሩ፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚጽፉት የሚያነበው ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር።

ወደ ጋሞ ልመለስ። በዚህ አገር ሰሚ የሌለው ንግግር ነውር ነው። ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ለዱላታ ሲቀመጡ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ነገሩ ይመዘናል፣ ስምምነት ላይ እስኪደረስ ይቀጥላል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ሰው ከተገደለ በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል የተቆጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው አቆሙት። ወጣቱም ሰማቸው። ቃል የሚሰማበት ልማድ በአንድ ቀን አልተገነባም። የዚህ ሕዝብ ልጅ ነው እንግዲህ ኮሌጅ ገብቶ ማንም የማያነበውን ሪፖርት ከአምና ተማሪ እየገለበጠ የሚያስረክበው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ ዶርዜ ይገኛል። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት እዚያ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌት መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ዶርዜዎች ስለ ነብር የሚሉት አለ። ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ሆኖም ግን ዶርዜው ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቱን ከነብር ከመጠበቅ አይዘናጋም። ስፐርበር ከዚህች ተነስቶ ሰው አንድን ነገር ማመንና ማሰብ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ መጽሐፉም በሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀስ ሆነ። ነብሯ የጋሞ ናት። ጥያቄው ግን ከፓሪስ መጣ። የጨንቻ ልጅ ይህን ከአያቱ ሰምቶ አድጓል፤ በአሥራ ስድስት ዓመት የትምህርት ዘመኑ ግን «ይህን ጻፈው፣ አነበዋለሁ» ያለው አንድ መምህር ላያገኝ ይችላል።

«ነብሩ ለማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን፤ ለውኃ ምሕንድስናስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ውኃ እንጠጣ። የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ሲጀመር የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። የውኃ መሐንዲስ ተመርቆ ወረዳ ሲመደብ ሥራው ምንድን ነው? ቱቦ መቅበር ብቻ ይመስላችኋል? ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የጨረታ ሰነድ፣ ለቀበሌው ማብራሪያ። ቀኑ የሚያልቀው በወረቀት ነው። ታዲያ ለምን ፈተናው ላይ እንዲህ አንለውም? «የመንደሩ የእጅ ፓምፕ በበጋ ለምን እንደሚነጥፍ ለውኃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ በግማሽ ገጽ አስረዳ።» ቀመሩን ሸምድዶ የመጣ ልጅ ቀመሩን ጽፎ ያልፋል። ለሰብሳቢዋ ሲጽፍ ግን መደበቂያ የለውም። ከመሬት በታች ያለውን የውኃ ልክ ካልገባው ግማሽ ገጹ ያጋልጠዋል። ቀመር በቃል ይያዛል፤ ማስረዳት ግን በቃል አይያዝም። ይህ እንግሊዝኛ ነው ወይስ ሃይድሮሊክስ? ይህን ጽሑፍ ሊያርም የሚችለውስ የእንግሊዝኛው መምህር ነው ወይስ ፓምፑን የሚያውቀው?

ለዚህ ነው የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የምንጮኸው የምለው። ሰዋስው የሚያርም ሰው አጥተን አይደለም። ያጣነው «ይህን ማን ነገረህ?» የሚለውን ሰው ነው፤ ያን ሊል የሚችለው ደግሞ የትምህርቱ ባለቤት ብቻ ነው።

የቋንቋው ነገር ከባዱ ነው፤ በችኮላ አላልፈውም። በቀድሞው ደቡብ ክልል አንድ የጋሞ ልጅ እስከ አራተኛ ክፍል በጋሞኛ ተምሮ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ኖሯል፤ አማርኛን ደግሞ እንደ አንድ ትምህርት ወስዶታል። ሦስት ቋንቋ ያለው ሀብታም ነው ልንለው ስንችል በሦስቱም የተጎዳ አደረግነው። የመጽሐፍ ቋንቋ በዚህ አካባቢ ቀልድ አለመሆኑን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ቢመጣ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻም መጽሐፉ ተነሳ። ከዚህ በላይ ለአንባቢ ሳይታሰብ የተጻፈ መጽሐፍ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ለማርክ የሚቀርበው እንደ ሕጉ በእንግሊዝኛ ይሁን። ልጁ ነገሩን ለመረዳት የሚጽፈው የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ ግን በፈለገው ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በጋሞኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቢፈልግ ቀላቅሎ። መምህሩ ጋሞኛ ካላነበበ የሚያነብ ተማሪ አጠገቡ አለ፤ ጮክ ብሎ ያንብብለትና በአማርኛ ይንገረው። መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ አስቦ የማያውቅ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ከመኮረጅ በቀር ምን አማራጭ አለው? ኮንሰርቱ የመጣው ከዚህ ነው። ልጁ ያልገባውን ቃል ሳይገባው ገለበጠው። በራሱ አፍ «ድብልቁ ደረቀ፣ ጠነከረ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ሙዚቃው ከየት ይመጣ ነበር?

መምህራን ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «ስድሳ ተማሪ ነው ያለኝ። ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም። አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ፣ ክፍል ገብተህ አታውቅም።» ደመወዙን በተመለከተ አፌን እዘጋለሁ፤ እውነታቸውን ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ በርካሽ የሚገኘው ሙዝ ብቻ ሳይሆን የመምህር ጉልበትም ነው። የስድሳውን ነገር ግን እንቁጠረው። ግማሽ ገጽ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሁሉም በየሳምንቱ ይጻፍ፤ መምህሩ ግን በየሳምንቱ አሥራ አምስቱን ብቻ አንስቶ ያንብብ፤ የማን እንደሚነሳ ማንም አይወቅ። ሠላሳ ደቂቃ ነው። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪወርድ ማለት ነው። ፊደል አያርም፤ ማርክ አይስጥ። አንዲት ጥያቄ ዳር ላይ ይጻፍና ይመልስ። በወር ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ ተነበበ ማለት ነው። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ያገኘሁትን እሱ በአራት ሳምንት አገኘው።

ሌላም አሉኝ፤ «ዛሬ እኮ ቻት ጂፒቲ ይጽፍላቸዋል።» ይጽፍላቸዋል! ለምን አይጽፍላቸውም? ማንም ለማያነበው ወረቀት ሰው መድከም አለበት ያለው ማነው? ማሽን ይጽፋል፣ መምህሩ ቁጥሩን አይቶ ማርክ ይሰጣል፣ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፣ ምስጥ ይበላዋል። ሁሉም ደስተኛ ነው። በዚህ ዝግጅት ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው አንባቢ ምስጡ ነው፤ እሱ ቢያንስ ወረቀቱን ገጽ በገጽ ያዳርሰዋል።

ስለ ምስጥ ካነሳሁ አይቀር በረንዳው ላይ የተጀመረውን ክርክር ልጨርስ።

ወዳጄ በነገሬ ተናዶ ነበር። «በቃ እሞክረዋለሁ፤ ሲከሽፍ ጽፈህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ» አለኝና በማግስቱ ክፍል ገብቶ ስድሳውን ልጆች አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። የዶርዜ ቤት ለምን በየዓመቱ እያጠረች ትሄዳለች? ግማሽ ገጽ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ፣ ማርክ የለውም፣ እኔ አነበዋለሁ። የመጨረሻዋን ሲል ክፍሉ እንደ ሳቀ ነግሮኛል።

ያላያት ካለ፣ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የምትሸመን ረጅም ቤት ናት፤ እንደ ቅርጫት ተጎንጉና ትቆማለች። ከሥሯ ያለውን ቀርከሃ ምስጥና እርጥበት ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቷም በየጊዜው ዝቅ ትላለች። እንዲህ እያለች ለብዙ አሥርት ዓመታት ትኖራለች፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሟት ቦታ ይቀይራታል።

ከስድሳው ግማሽ ገጽ ብዙው እንደጠበቅነው ነበር። አንዳንዱ ሁለት መስመር ጽፎ ስሙን አሳምሯል። አንዱ ስለማይረሳው ቀን ጽፏል፤ ልማድ ነው። ሁለቱ ከስልካቸው እንደ ቀዱት ያስታውቃል፤ የዶርዜን ቤት «የቱሪስት መስሕብ» ብለው ጀምረዋል። አንዲት የጎጃም ልጅ ቤቷን አይታ እንደማታውቅ ገልጻ በአገሯ የጎጆ ምሰሶ ሲበሰብስ ቤቱ እንደሚያዘምም ጻፈችና «ይህቺኛዋ ለምን አታዘምም?» ብላ መምህሩን መልሳ ጠየቀችው። በጣም ጥሩ! (ይህን ስል የምር አንብቤው ነው።)

ከዶርዜ የመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ። ወዳጄ በሁለት ሴሚስተር ውስጥ ድምፁን ሰምቶ እንደማያውቅ ይናገራል፤ ከኮንሰርቶቹ አንዱም የእሱ ነበር። በአማርኛ፣ መሀል መሀሉን በጋሞኛ ቃላት፣ እንዲህ ጻፈ። ቤቷ እግር የላትም፤ ሁለንተናዋ ግድግዳ ነው፤ ሸክሙን አንድ ምሰሶ ሳይሆን ጉንጉኑ በሙሉ ተካፍሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ከታች አንድ ክንድ ቢቆረጥ የላዩ እንዳለ ይወርዳል እንጂ አይፈርስም፤ ምሰሶ ያለው ቤት ግን አንድ እግሩ ሲበላ ያዘምማል። የጎጃሟን ልጅ ጥያቄ ሳያይ መለሰላት። ወዳጄ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሸክም በቅርፊት ላይ እንዴት እንደሚሠራጭ በእንግሊዝኛ አንድ ወር አስተምሮ ከዚህ ልጅ አንዲት ቃል አላገኘም ነበር።

«ስንት ልስጠው?» አለኝ፤ ልማድ መቼ ይለቃል!

«ማርክ የለውም ብለሃል።»

እስክሪብቶውን አንስቶ ዳር ላይ «ቀርከሃው ባይቆረጥና ከሥሩ ድንጋይ ቢነጠፍስ?» ብሎ ጻፈና መለሰለት። ሌላ አላዘዘውም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ሁለት ገጽ ይዞ ቢሮው ድረስ መጣ። አያቱ ጋ ደውሎ ጠይቋቸው ኖሯል። ድንጋይ ከተነጠፈ ቤቷን ተሸክሞ ማዛወር እንዴት ሊሆን ነው ብለው ነው አያትየው የመለሱለት፤ ከዚያ ደግሞ ስለ ጢሱ፣ ጢሱ ከላይ ያለውን ቀርከሃ ከምስጥ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ልጁ ያላሰበውን ነገር አክለውለታል። ሁለተኛው ገጽ በሙሉ የእሳቸው ቃል ነው።

«ቲቸር፣ አያቴ ሌላም ብለዋል» አለው ልጁ በር ላይ ቆሞ።

«ምን አሉ?»

«‹ይህን የጠየቀህ ሰው የማን ልጅ ነው?› አሉኝ።»